የጌም ኮንሶል ቅናሽና ጥቅል፦ ከመክፈልዎ በፊት ሒሳቡን እንዴት እንደሚሠሩ

ኖቬምበር ገብቶ የአሜሪካ መደብሮች ቅናሽ ሲጀምሩ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለ አበሻ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፒኤስ 5 ቀንሷል አሉ፣ የቱ ይሻላል?» አንዱ ካርቶን ጌም አብሮት አለ፣ ሌላው ያለ ጌም ነው ግን በ50 ዶላር ይረክሳል፣ ሦስተኛው የሦስት ወር አባልነት ጨምሮበታል። ሦስቱን በዓይን አይቶ ማወዳደር አይቻልም። አንድ የአሠራር ደንብ ግን አለ፦ የጥቅል (ኮንሶል ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ካርቶን) ዋጋ የሚለካው ጥቅሉ ባይኖር ኖሮ ከኪስዎ አውጥተው በሚገዙት ዕቃ ልክ ነው። የቀረው ሁሉ ማስጌጫ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህንን ደንብ በቁጥር የሚያሠሩ ናቸው።

ዋጋዎቹ የአሜሪካ፣ ከሽያጭ ታክስ በፊት ያሉና በ2025 (እ.ኤ.አ.) የነበሩ ናቸው። በሚገዙበት ቀን ያለውን ዋጋ ተክተው ስሌቱን ይድገሙት።

1. ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደተቀነሰ ይወቁ

ፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ 5) ኖቬምበር 2020 ላይ ሲወጣ ባለ ዲስኩ 499.99፣ ዲስክ የማያስገባው ዲጂታሉ 399.99 ዶላር ነበር። ኦገስት 2025 ላይ ሶኒ በአሜሪካ እያንዳንዱን ሞዴል በ50 ዶላር ጨመረና ባለ ዲስኩ 549.99፣ ዲጂታሉ 499.99፣ ፕሮ የሚባለው ኃይለኛው ሞዴል 749.99 ሆነ። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨምሮ፣ በ499.99 የወጣውን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 649.99፣ በ299.99 የወጣውን ትንሹን ሲሪስ ኤስ 399.99 አደረሰው።

በኖቬምበር 2025ቱ ቅናሽ ሶኒ 100 ዶላር ሲቀንስ ዲጂታሉ 399.99 ሆነ። ይህ ከአምስት ዓመት በፊት የወጣበት ዋጋ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልወረደም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ኮንሶሉ ሲወጣ የነበረበትን ዋጋና ከቅናሹ አንድ ቀን በፊት የነበረውን። ማስታወቂያው ሁልጊዜ የሚነግርዎ ሁለተኛውን ብቻ ነው።

2. ጥቅሉን ፈትተው ይተምኑ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ አይቸኩሉ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ይዘርዝሩ። በሁለተኛው ዛሬ ለብቻው የሚሸጥበትን ዋጋ ይጻፉ፤ ዕቃው ራሱ ቅናሽ ላይ ከሆነ የቅናሹን ዋጋ ነው የሚጽፉት። በሦስተኛው ለእርስዎ ያለውን ዋጋ ያስቀምጡ። ሊገዙት ወስነው የነበረ ዕቃ ከሆነ የሁለተኛውን ዓምድ ሙሉውን ይውሰዱ። «ካለ እጫወተዋለሁ» የሚሉት ከሆነ ሲሶውን። የማይነኩት ከሆነ ዜሮ።

ኔንቴንዶ ስዊች 2ን እንውሰድ። በ2025 ለብቻው 449.99፣ ማሪዮ ካርት ወርልድ ከሚባለው ጌም ጋር 499.99 ዶላር ነበር። ጌሙ ለብቻው 79.99 ይሸጣል። ጌሙን የሚፈልግ ሰው ጥቅሉን ሲገዛ 30 ዶላር ያተርፋል። ሜሪላንድ ላይ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመር ጥቅሉ 529.99፣ ለየብቻ ሲገዛ ደግሞ 561.78 ይሆናል። ጌሙን የማይፈልግ ሰው ግን ምንም አላተረፈም፤ 50 ዶላሩን ከነታክሱ ጥሏል። እዚህ ጥቅል ውስጥ ያለው ጌም በዲጂታል የሚወርድ ስለሆነ እንደ ጌም ካርድ አውጥተው ለሌላ ሰው መሸጥ አይችሉም። አንድ ካርቶን ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በፎርትናይት ስም የሚወጡት የፕሌይስቴሽን 5 ጥቅሎች የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፎርትናይት ማንም ሰው በነጻ የሚያወርደው ጌም ነው። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የገጸ ባሕርይ ልብስና ጌጣጌጥ፣ ከዚያም 1,000 ቪ-ባክስ የሚባል የጌሙ ውስጥ ገንዘብ ነው። 1,000 ቪ-ባክስ በ2025 ለብቻው 8.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ልጁ ፎርትናይት የማይጫወት ከሆነ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ዜሮ ይጻፉና ኮንሶሉን በተራ ኮንሶልነቱ ይመዝኑት። በዚያ ቅናሽ ዋጋው ራሱ ጥሩ ከሆነ ጌጡ ስላለ አይጎዳም፤ ለጌጡ ብለው ግን አንድ ዶላር አይጨምሩ።

ከሁሉም ንጹሑ ጥቅል፣ የጥቅሉ ዋጋ ከባዶው ኮንሶል ዋጋ ጋር እኩል የሆነበት ነው። ኔንቴንዶ ለበርካታ ዓመታት በኖቬምበር የመጀመሪያውን ስዊች፣ 59.99 የሚያወጣውን ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስና የኦንላይን አባልነት ጨምሮ፣ በባዶው ኮንሶል ዋጋ በ299.99 ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለው ሲገኝ ስሌት አያስፈልገውም።

የእግር ኳስ ጌም ያለበት ጥቅል ላይ ቀኑን ይዩ። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይወጣል፤ ኤፍሲ 24፣ 25 እና 26 ሁሉም በዚያው ሳምንት አካባቢ ነው የወጡት። ሙሉ ዋጋው 69.99 ሆኖ ይጀምርና በኖቬምበር ቅናሽ በጣም ይወርዳል። ፌብሩዋሪ ላይ «የ70 ዶላር ጌም አብሮ አለው» የሚል ካርቶን ካዩ፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ 70 አይጻፉ፤ የዚያን ቀን የመደብሩን ዋጋ ፈልገው ይጻፉ።

አባልነት ሲኖር ደግሞ በወር አካፍለው ይተምኑ። ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባለው የሶኒ አባልነት መነሻ ደረጃ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በዓመት 79.99 ዶላር ነው፤ የሦስት ወሩ በዚህ ሒሳብ 20 ዶላር ገደማ ይሆናል። አባልነቱ ሲያልቅ በራሱ ታድሶ ካርድዎን እንዳይቆርጥ፣ ባነቁት ዕለት እድሳቱን ያጥፉት። የከፈሉበት ጊዜ እስኪያልቅ መጠቀም አይከለክልዎትም።

መርሳት የሌለብዎ አንድ ነገር ሁለተኛ ጆይስቲክ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ካርቶን ውስጥ የሚመጣው አንድ ብቻ ነው፤ ዱዋልሴንስ የሚባለው ሁለተኛው ጆይስቲክ 74.99 ዶላር ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ካሉ፣ ወይም ኮንሶሉ ለጌም ቤት ሥራ ከሆነ፣ ሁለተኛ ጆይስቲክ ያለበት ጥቅል በጌም ካጌጠው ጥቅል ይበልጣል። ይህን ዕቃ ሦስተኛው ዓምድ ላይ በሙሉ ዋጋ መጻፍ ይቻላል፤ ይዋል ይደር እንጂ መገዛቱ አይቀርም።

3. ርካሹ ሞዴል ላይ ምን እንደጎደለ ይፈልጉ

ኩባንያዎች ዋጋ ሲያወርዱ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ላይ አንድ ነገር ይቀንሳሉ። በኖቬምበር 2007 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በ399 ዶላር ሲያወጣ ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋባይት ሆነ፣ አራት የነበረው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሁለት ሆነ፣ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ማጫወቱም ቀረ። በ2014 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ከ499 ወደ 399 ያወረደው ኪኔክት የተባለውን ካሜራ ከካርቶኑ አውጥቶ ነው። የዛሬዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ የሚከተሉትን ይፈትሹ።

ዲስክ ማንበቢያ። በባለ ዲስኩና በዲጂታሉ መካከል ያለው ልዩነት 50 ዶላር ነው። ዲጂታሉን ገዝተው ቆይተው ማንበቢያውን ለብቻ ቢገዙ 79.99 ይከፍላሉ፤ መጀመሪያውኑ ባለ ዲስኩን ከመግዛት 30 ዶላር ይበልጣል። ፕሮው ያለ ማንበቢያ ነው የሚሸጠው፤ ዲስክ የሚፈልግ ሰው 749.99 ላይ 79.99 ደምሮ 829.98 ብሎ ይቁጠር። ዲስክ ተጫውተው ሲጨርሱ መሸጥ፣ መዋስና መቀያየር ይቻላል። በዲጂታል የተገዛ ጌም ግን ከአካውንቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በሆነበት ቦታ ለሚኖር ተጫዋች ባለ ዲስኩን ያለ ማመንታት እንመርጣለን።

የማከማቻ መጠን። ሲሪስ ኤስ 512 ጊጋባይት ይባል እንጂ ለጌም የሚቀረው 364 ገደማ ነው፤ ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚይዙ ሦስት ትልልቅ ጌሞች ይሞሉታል። በአውሮፓ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው አዲሱ የዲጂታል ፕሌይስቴሽን 5 ከ1 ቴራባይት ወደ 825 ጊጋባይት ወርዷል፤ ኮንሶሉ በውጭ ሲታይ ግን ከቀድሞው አይለይም። ስለዚህ የሞዴል ቁጥሩን ያንብቡ፦ በሲኤፍአይ-20 የሚጀምረው የቀድሞው ቀጭኑ (ስሊም) ነው፣ በሲኤፍአይ-21 የሚጀምረው አዲሱ።

ማስፋፊያው። ፕሌይስቴሽን 5 ተራ ኤም.2 ኤስኤስዲ (ለኮምፒውተር የሚሸጥ ቀጭን ማከማቻ) ይቀበላል፤ ፒሲአይኢ 4ኛ ትውልድ፣ ንባቡ በሰከንድ 5,500 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ፣ ሙቀት መበተኛ ያለው፣ ቁመቱ ከነመበተኛው ከ11.25 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ መሆን አለበት። ከዚህ ከወፈረ ክዳኑ አይገጥምም። ስዊች 2 ደግሞ በተጨማሪ ካርድ ላይ ጌም የሚያስቀምጠው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በሚባለው ፈጣን ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ነው። ለቀድሞው ስዊች ወይም ለስልክ የገዙት ተራ ማይክሮ ኤስዲ ቢገባም ጌም አይጭንም። ሦስተኛ ወገን ሻጮች «ሚሞሪ ካርድ አብሮ አለ» ብለው ተራውን ካርድ ጥቅሉ ውስጥ ስለሚጨምሩ፣ ካርዱ ላይ ኤክስፕረስ የሚል ጽሑፍ ካላዩ ዋጋውን ዜሮ ያድርጉት።

4. የቅናሹን ዓይነት ለይተው ጊዜውን ይወስኑ

ቋሚ የዋጋ ቅነሳና የበዓል ሰሞን ቅናሽ የተለያዩ ናቸው። የበዓሉ ቀን ተቆርጦለታል። ኤክስቦክስ ዋን በኖቬምበር 2014 ወደ 349 ወርዶ፣ በጃንዋሪ 2015 መጀመሪያ ወደ 399 ተመልሶ፣ በዚያው ወር እንደገና 349 ሆኗል። በመሃል ባሉት ሁለት ሳምንታት የገዛ ሰው 50 ዶላር በከንቱ ከፍሏል።

ተፎካካሪ ሲቀንስ ደግሞ ጥቂት ቀን መታገስ ያዋጣ ነበር። በሜይ 2002 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ከ299 ወደ 199 ባወረደ ማግስት ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ወደ 199 አወረደ፤ ሳምንት ሳይሞላ ኔንቴንዶ ጌምኪዩብን ከ199 ወደ 149 አደረገ። ዛሬ መልሱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅል ነው፦ አንዱ ዋጋ ሲቀንስ ሌላው ዋጋውን ሳይነካ ጌም ይጨምራል። አንዱ ቅናሽ ባወጣ ሳምንት ውስጥ የሁለቱን ተፎካካሪዎች ዋጋ ሳያዩ አይክፈሉ።

«ኮንሶል ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ይረክሳል» የሚለው የድሮ ምክር ግን በዚህ ትውልድ አይሠራም። ድሮ ቺፑ በየጊዜው እያነሰ፣ ለማምረትም እየረከሰ ስለሚሄድ ዋጋው ይወርድ ነበር። አሁን አነስ ያለ ቺፕ መሥራት ራሱ ውድ ሆኗል፣ በአሜሪካ ደግሞ የቀረጥ ጣጣ ተጨምሮበታል። ስለዚህ በኖቬምበር ወር የታየ እውነተኛ የ100 ዶላር ቅናሽ ካለና ዕቃውን የሚፈልጉት ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቁ።

5. ከማን እንደሚገዙ

የፋብሪካ ጥቅል የጌሙ ሥዕል ካርቶኑ ላይ የታተመበት ነው። በኦንላይን ገበያዎች ላይ የሚያዩት «ሜጋ ጥቅል» ግን ብዙውን ጊዜ ሻጩ ራሱ ያሰናዳው ነው፦ ተራ ኮንሶል፣ ስም የለሽ ማዳመጫ፣ የጎማ የጆይስቲክ ሽፋን፣ የቻርጅ ማድረጊያ ማቆሚያ። የዕቃዎቹን ስም አንድ በአንድ ፈልገው ዋጋቸውን ቢደምሩ ሻጩ ከጨመረው ዋጋ በታች ሆነው ያገኟቸዋል። «የሚሸጠውና የሚልከው ማን ነው?» የሚለውን መስመር ያንብቡ፤ የመደብሩ ስም ካልሆነ ይለፉት።

ከመክፈልዎ በፊት የመመለሻ ጊዜውን ያረጋግጡ። በበዓል ሰሞን ብዙ የአሜሪካ መደብሮች የመመለሻ ቀኑን እስከ ጃንዋሪ ያራዝማሉ። ገዝተው ሳለ ዋጋው በዚያው መደብር ከወረደ ልዩነቱን የሚመልሱ አሉ፤ የበዓል ቅናሽን ከዚህ የሚያስቀሩም አሉ። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ የሙቀት ወረቀት ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከጃፓን የመጣ ስዊች 2 አይግዙ። በ2025 በ49,980 የን የወጣው ቋንቋው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ የሚሠራውም በጃፓን ከተከፈተ የኔንቴንዶ አካውንት ጋር ብቻ ነው። ሁሉንም ቋንቋ የሚያወጣው 69,980 የን ነበር። ያገለገለ ስዊች ሲገዙ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ኢንተርኔት ላይ አገናኝተው የኔንቴንዶን መደብር ይክፈቱ፤ 2124-4508 የሚል የስሕተት ቁጥር ካመጣ ኮንሶሉ በኔንቴንዶ ታግዷል ማለት ነው፣ አይግዙት።

6. ወደ ኢትዮጵያ ከመላክዎ በፊት ከፍተው ያሰናዱት

«እንደታሸገ ይድረሰው» የሚለው ፍላጎት ይገባናል፤ ስጦታ ነውና። ግን አዲስ አበባ ደርሶ የተበላሸ ኮንሶል የአሜሪካ ዋስትናው እዚያ አያገለግለውም። መክፈቱ የግድ ነው፤ ለመመለስ ቀን ሲኖርዎት ይክፈቱት።

መጀመሪያ አካውንት ይክፈቱ፤ በራስዎ ኢሜይል ሳይሆን በሚቀበለው ሰው ኢሜይል። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የኮንሶሉ የኦንላይን አገልግሎት) የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ አካውንቱ የሌላ አገር ይሆናል፣ አንዴ የተመረጠ አገር ደግሞ አይቀየርም። አሜሪካ ብለው ከከፈቱት ወደፊት የሚልኩለት የስጦታ ካርድ ሁሉ የአሜሪካ መሆን አለበት፤ የዱባይ ካርድ አይቀበልም። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የጌም ኮድም እንደዚሁ የሚሠራበት አካባቢና የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብበው ወዲያው ያስገቡት።

የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በእርስዎ የአሜሪካ ስልክ ቁጥር አይሠሩት። ልጁ ሌሊት ላይ ኮድ ፍለጋ ይደውልልዎታል፣ ቁጥርዎን የቀየሩ ዕለት ደግሞ አካውንቱ ይቆለፋል። በማረጋገጫ አፕ ይሥሩትና የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጽፈው ካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩን ያድሱ። የቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ማንበቢያ መጀመሪያ ሲነሣ ኢንተርኔት ላይ ከኮንሶሉ ጋር መተዋወቅ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ዲስክ አያነብም። እዚሁ ይጨርሱት። ዲጂታል ጌሞቹን እዚሁ ያውርዱ፤ ከ100 ጊጋባይት በላይ ዳታ ኢትዮጵያ ላይ ማውረድ ትልቅ ወጪ ነው። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ዩዘርስ ኤንድ አካውንትስ፣ አዘር፣ ኮንሶል ሼሪንግ ኤንድ ኦፍላይን ፕሌይ ውስጥ ገብተው ያንቁት፤ አለበለዚያ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ዲጂታል ጌሞቹ ይቆለፋሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ከባድ ጌም ያጫውቱት። ሁለት ዲስክ አስገብተው ያውጡ፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነካ ነካ አድርገው ምስሉ ይቆራረጥ እንደሆነ ይዩ፣ ጆይስቲኩን ሳይነኩ ገጸ ባሕርዩ በራሱ ይሄድ እንደሆነ ይመልከቱ። ከነዚህ አንዱ ከታየ ዕቃውን ይቀይሩት። ሲያሽጉ ዲስክ ውስጡ እንዳይቀር።

7. መብራትና ገመድ

ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የአሜሪካው ለኢትዮጵያ 220 ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። የድሮ ኮንሶል ከሆነ ግን ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የአሜሪካው ኤክስቦክስ 360 የመብራት ሣጥን ለ110 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ኢትዮጵያ ላይ በቀጥታ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። የአሜሪካው ፕሌይስቴሽን 5 ገመድ የሶኬት ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ በርካሽ አዳፕተር ከመሰካት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለቴፕና ለዲኮደር የሚሸጠውን፣ በአንድ ጫፉ ስምንት ቁጥር የሚመስለውን ገመድ ገዝቶ መቀየር ይሻላል፤ ላላ ያለ አዳፕተር ይሞቃል፣ ይለኮሳልም።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል። ኮንሶሉ ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ ይበላል፤ መካከለኛ ቴሌቪዥን ሲጨመርበት 300 ይደርሳል። 1,000 ቪኤ፣ 600 ዋት የሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን) ሁለቱን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። ሬስት ሞድን (ኮንሶሉ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የሚተኛበትን ሁኔታ) እንዳይጠቀም ለተቀባዩ ይንገሩት። ኮንሶሉ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ መብራት ከሄደ ሲነሣ ማከማቻውን መጠገን ይጀምራል፣ አንዳንዴም የተቀመጠው ጌም ይበላሻል። ሲጨርስ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ከሶኬቱ ይንቀለው።

የዩፒኤሱን ዋጋ መጀመሪያ የሠሩት ወረቀት ላይ ይጨምሩ። አዲስ አበባ ላይ መግዛት ይሻላል፤ ከባድ ስለሆነ ለሻንጣ አይሆንም፣ የአሜሪካውም ለ110 ቮልት የተሠራ ነው።